ቦይለር ቤት ያደረው ሳጥን

«አሰርኩት አልኩሽ እኮ። ገመዱን አታዪም?»

ብሪሳ ገመዱን እያየች ነበር። በደንብ ታስሯል። ቋጠሮው ጠበቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ልክ ሻለቃ ሶሳ ቤዝ በሚሉት ጦር ሰፈራቸው ላሉ ልጆች ሁሉ እንዳስተማሩት። ይበልጥ ያበገናትም እሱ ነው።

«ስለ ገመዱ አልጠየቅኩህም» አለች። «ስለዚህ ነው የጠየቅኩህ።»

እጇን ዘረጋች። ጓንቷ ላይ ጠፍጣፋ በረዶ አለ፤ እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ያለ። ከሳጥኑ ወለል ላይ ነው ፈልቅቃ ያወጣችው።

ላውታሮ አየት አደረገውና ትከሻውን ነቀነቀ። «በረዶ ነዋ። አንታርክቲካ ነን። ሐብሐብ ፈለግሽ?»

«ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ዱቄት በረዶ ነው። በድንጋዮቹ መሀል የሞላሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዱቄቱ እንዲህ የሚሆነው ቀልጦ ውሃ ከሆነ በኋላ እንደገና ሲረጋ ነው። እዚህ ውጪ ደግሞ ሰሞኑን የቀለጠ ነገር የለም። አፍንጫህ ራሱ አልቀለጠም።»

ትስቃለች ብሎ ፊቷን አየ። አልሳቀችም።

ነፋሱ የቆመው ትናንት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቶቹን እንደ ቆርቆሮ ሲያንቀጫቅጭ ነበር የከረመው። ሳይረኑ ሲጮህ ትንንሾቹን ልጆች ገመድ እያስያዙ ከትምህርት ቤት ቤታቸው ማድረስ የትልልቆቹ ስራ ነው። ትልልቆቹ ማለት እሷና ላውታሮ ናቸው። በነሱ ዕድሜ ያለ ሌላ ሰው ማግኘት የሚፈልግ ባህሩን መሻገር አለበት። ስለዚህ ተካፈሉ። እሷ ልጆቹን፣ እሱ ሳጥኑን። «ከዓለቱ ጋር እሰረው፣ እዛው ይቆይ» ብላው ነበር። እዛው የሚለውን ደግማለታለች።

«የት ነበር?» አለች።

ላውታሮ ጫማውን አየ።

«የት ነበር አልኩህ።»

«ቦይለር ቤት።»

ብሪሳ በረዶውን ጨበጠችው፤ ቤቶቹን ሁሉ የሚያሞቀው እሳት ያለው እዚያ ነው።

«ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፣ እሺ? በጓንት መቋጠር አይቻልም። ጓንቱን ሳወልቅ ደግሞ ጣት የሚባል ነገር የለኝም። ሳይረን ሲጮህ ውጪ ያለ ነገር ሁሉ ይገባል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። አስገባሁት። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያስገባ ነበር።»

ይሄ እውነት ነው። እዚህ ልጆች ከስማቸው ቀጥለው የሚማሩት እሱን ነው፤ ሳይረን ከጮኸ ያየኸውን ሁሉ አስገባ። ባልዲ ይሁን አካፋ፣ ያንተ ይሁን የሰው፣ አስገባ። ያልገባ ነገር ወይ ባህር ይወርዳል ወይ የሰው መስኮት ሰብሮ ይገባል። አንድን ነገር አስገባህ ተብሎ የተቆጡት ሰው የለም። ለአንድ ሳጥን ብቻ ነበር ህጉ የማይሰራው። እሱንም ነግራዋለች።

«በሩ ጋ ማስቀመጥ አቃተህ? በሩ ጋ እኮ ይበርዳል።»

«በሩ ጋ የሰው ሁሉ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ተከምሯል። የነበረው ቦታ ቦይለሩ ስር ነው።»

«ከዛ አንስተህ መለስከው። ቆንጆ አድርገህ አሰርከው። ዛሬ ጠዋት ዶክተር ኤልቢራ ስለ ድንጋዮቻቸው ሲጠይቁህ ‹ከቦታው አልተነቃነቀም› አልካቸው። እኔ አጠገብህ ቆሜ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«‹ቦይለር ቤት አስገባሁት።› በቃ። ይሄ ከብዶህ ነው?»

«አቦ አታካብጂው። ድንጋይ ነው እኮ ብሪሳ። ድንጋይ። ቡችላ ያረድኩ አስመሰልሽው።»

በረዶውን ወረወረችበት። ደረቱ ላይ ተሰባበረ።

ድንጋይ ነው ይላል። ድንጋይ መሆኑን እሷም ታውቃለች። በጋው ሲገባ ዶክተር ኤልቢራ ሸንተረሩ ላይ ይዘዋት የወጡ ቀን እሷም እንደዚሁ ብላ ነበር። በሞቃቷ አገሯ ቱኩማን ያሉት ጓደኞቿ ገንዳ ውስጥ ሲዋኙ እሷ የፔንግዊን ኩስ እያሸተተች ድንጋይ ትለቅማለች። አባቷ የጄኔሬተር ሰው ነው፤ ቤዙ ፈለገው፣ መጣ፣ እነሱም መጡ። እሷን የጠየቃት የለም። ዶክተሯ አጭር፣ ወፍራም፣ መንገድ ላይ ሁሉ የሚነጫነጩ ሴት ናቸው። አንዱን ድንጋይ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በመዶሻ ሰነጠቁት። ውስጡን አሳዩዋት። ከቅርፊቱ ስር እርሳስ የተሰመረበት የሚመስል ጥቁር መስመር፣ ከሱ ስር ነጭ፣ ከሱ ስር አረንጓዴ።

«ጥቁሩ ፈንገስ ነው» አሉ። «አረንጓዴው አልጌ። ውጪው ስላላኖራቸው ገብተው በራሱ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ተቀመጡ። ጥቁሩ ከፀሐይ ይከልላል፣ አረንጓዴው ያበላል። ያንቺ አያት አያት ሲወለዱ ይሄ መስመር እዚሁ ነበረ። እስካሁን የጥፍር ያህል አላደገም።»

ብሪሳ መስመሩን በጣቷ ልትነካው ብላ ተወችው። «ብርዱ አይገድላቸውም?»

«ብርድ ምን ያደርጋቸዋል። ደርቀው ይተኛሉ። የሚፈጃቸው ርጥበትና ሙቀት ባንድ ላይ ሲመጣ ነው። አንቺ ቲሸርት ለብሰሽ የምትቀመጪበት ክፍል ሁለት ቀን ካቆየሻቸው አለቀላቸው።»

«ቱኩማን ብንወስዳቸውስ?»

«ቱኩማን? ከምሳ እስከ መክሰስ።»

ያን ቀን ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ከዛ በኋላ ሸንተረሩ ላይ ሲወጡ ቦርሳቸውን የምትሸከመው እሷ ሆነች። ድንጋዮቹን በሳጥኑ የምትደረድረውም፣ ቴርሞሜትሩን የምታነበውም እሷ። ነገ ጠዋት ሄሊኮፕተር መጥቶ ዶክተሯን መርከብ ላይ ያደርሳቸዋል፤ ግማሹን ድንጋይ ይዘው ይሄዳሉ። ግማሹ እዚሁ ውጪ ይከርማል። በጨለማው ወራት ሁሉ እየሄደ የሚያየውና በሬዲዮ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ማን እንደሆነ እስካሁን በይፋ አልተናገሩም። ግን ብሪሳ ታውቃለች። ክረምቱን ስታስበው ያልታመመችው በዚህ ነው።

«ስሚኝ» አለ ላውታሮ፣ በረዶውን ከጃኬቱ ላይ እያራገፈ። ድምፁ ወረደ። «ነገ ይሄዳሉ። ላብራቶሪ ደርሰው ሞተው ካገኟቸው መርከቡ ላይ ነው የሞቱት ይላሉ። ፍሪጅ ተበላሽቶ ይሆናል ይላሉ። አንቺ ክረምቱን ስራሽን ታገኛለሽ። እኔም ባባቴ አልበላም። ማን ተጎዳ?»

«እሳቸው።»

«በናትሽ ብሪሳ። አባቴን ታውቂዋለሽ።»

ታውቃለች። ባለፈው በበረዶ ላይ የሚነዳውን የሞተር ስሌድ ሽፋን ሳይዘጋ በመተዉ አባቱ ሻለቃ ሶሳ ምግብ አዳራሽ ውስጥ አስቁመውት፣ ሰው ሁሉ ማንኪያውን ይዞ እየጠበቀ፣ የሰራውን ስህተት በራሱ አፍ አስነግረውታል። ድገመው ብለው አስደግመውታል። ስለማይሰማ ጮክ በል ብለውታል።

«ያንተ አባት የኔ ችግር አይደለም» አለችና ሄደች። ችግሯ እንደሆነ ግን ገና ጥግ ሳትዞር አውቃዋለች። የሚያናድደው እሱ ነው።

*

ቅዳሜ ማታ ፒዛ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይበላል።

«በሩን» አለ ምግብ አዳራሹ በሙሉ፣ ብሪሳ እናቷንና ትንሹን ወንድሟን ናሁኤልን ተከትላ ስትገባ። እዚህ ሰላምታ እሱ ነው። የገባ ሰው መጀመሪያ በሩን ይዘጋል፣ ከዛ እንደምን አመሻችሁ ይላል።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

«ይሄ ምንም ከሆነ የሆነ ነገር ስትሆኚ አያሳየኝ። ዶክተሯ ሰው ሊሰናበቱ ነው፣ ትንሽ ፈታ በይ የኔ እመቤት።»

«ፒዛዬን ልብላ ማማ።»

«ብዪ። ቀስ ብለሽ ብዪ። ፒዛው ምን አደረገሽ?»

ላውታሮ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል። ቀና አላለም።

ዶክተር ኤልቢራ ኩባያቸውን በሹካ መቱ። ንግግር አልወድም አሉ። ከዛ ተናገሩ። ስለ ጉልበታቸው ተናገሩ፣ ስለ ምግብ አብሳዩ ምስር ተናገሩ፣ ሰው ሳቀ። «ያለችኝን አንድ ረዳት ደግሞ ታውቋታላችሁ» አሉ። «መጀመሪያ ስትመጣ ፊቷን አይቼ ይቺ ልጅ ገደል ትገፈትረኛለች ብዬ ነበር። ይኸው በጋው አለቀ፣ ከሳጥኔ ውስጥ አንድ ድንጋይ ሙቀት ነክቶት አያውቅም። በዚህ ነፋስ እንኳ። የተማሪዎቼን ግማሽ እንዲህ አላምናቸውም። ብሪሳ፣ ነይ።»

ሄደች። ምን ታድርግ? ዶክተሯ ቀይ የሱፍ ክር ያለው ቁልፍ እጇ ላይ አደረጉላት። ለክረምቱ የሚቆለፍበት የሳጥኑ ቁልፍ ነው። ሰው አጨበጨበ። እናቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳለች። አባቷ በአውራ ጣቱ አይኑን ጠረግ ሲያደርግ አየችው፤ ጄኔሬተር ሲፈነዳ እንኳ አይኑን የማያርገበግብ ሰውዬ።

«አመሰግናለሁ» አለች ብሪሳ።

ያለችው ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳትም። ቁልፉ እጇ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ወርውራ ብትጥለው ደስ ባላት።

«ላውታሮ» አሉ ሻለቃ ሶሳ፣ ጭብጨባው ሲያልቅ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እያየህ ነው? ሴት ልጅ ናት፣ ደግሞ ካንተ ታንሳለች። ኃላፊነት ማለት እንዲህ ነው። አንተ የራስህን ጓንት እንኳ አትጠብቅም።»

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ የቅዳሜ ሳቅ ነው። ላውታሮም አብሮ ሳቀ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል።

ብሪሳ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ላውታሮን ልታዝንለት አልፈለገችም። ዛሬ ማንንም ልታዝንለት አልፈለገችም። በሻለቃው ተናደደች፣ በዶክተሯ ተናደደች፤ ሳይጠይቁ ሳያዩ ሰው ፊት ምን ያስቸኩላቸዋል? ሄደው ሳጥኑን አንዴ ከፍተው ቢያዩት እኮ ራሳቸው ያውቁት ነበር። ለምን እሷ ትናገራለች? እሷ እኮ ልጆች ታደርስ ነበር።

«እኔም ድንጋይ እፈልጋለሁ» አለ ናሁኤል፣ አፉ አይብ ሞልቶ።

«ዝም ብለህ ብላ።»

«ያንቺ ድንጋዮች ውስጥ ያሉት ነገሮች እኔ ትልቅ ስሆን ይወጣሉ?»

«አይወጡም።»

«ለምን?»

«ሞተዋል» አለች ብሪሳ።

እናቷ ሹካዋን አስቀመጠች። «ምን አልሽ?»

ብሪሳ ተነሳች። «መጣሁ ማማ።»

*

ላውታሮ መግቢያው ላይ ጫማውን እያደረገ ነበር። ከውስጥ የሙዚቃ ድምፅ ይመጣል፤ ጠረጴዛዎቹን እየገፉ ነው።

«አሁን ልነግራቸው ነው» አለችው።

ማሰሪያውን ይዞ ቀረ። «ብሪሳ።»

«ስምህን አልጠራም። ሳጥኑ የኔ ኃላፊነት ነበር፣ ላንተ ሰጥቼህ ሄጄ አላየሁም። እሱን ነው የምናገረው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ከአሁን በኋላ አንድ ነገር አድርጌያለሁ ብትለኝ አላምንህም። ሳይረን ቢጮህና ናሁኤልን አድርሼዋለሁ ብትለኝ ራሱ ሄጄ አያለሁ። ገባህ?»

«ጨለማውን ሙሉ እኔና አንቺ ብቻ ነን እኮ» አለ ላውታሮ። «ካልተነጋገርን ከማን ጋር…»

«ይሄን ቦይለር ቤት ስትገባ ማሰብ ነበረብህ።»

ወጣች።

ፀሐይዋ ባህሩ ጠርዝ ላይ ናት፤ ብርሃን አለ፣ ሙቀት የለም። ነፋስ ባይኖርም ገመዱን ያዘች። ከቤት ቤት የተዘረጋው ገመድ ነው፤ እዚህ የኖረ ሰው አየሩ ጥሩ ሲሆንም እጁ ራሱ ይይዘዋል። ሌላ ሰው ገመዱ ላይ ካለ እጅህ ይነግርሃል፤ ይንቀጠቀጣል። አሁን ዝም ብሏል። ብቻዋን ናት። ዶክተሯ ከራት በኋላ ዕቃ ልቋጥር ብለው ቀድመው ወጥተዋል፤ የላብራቶሪው መብራት በርቷል። እየሄደች የምትለውን ለካች። የለካችውን ሁሉ ረሳች።

«በሩን» አሉ ዶክተር ኤልቢራ ቀና ሳይሉ። ካርቶን ላይ ፕላስተር እየለጠፉ ነው።

ዘጋችው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋዮቹ ሞቀዋል» አለች ብሪሳ። «ነፋሱ ሲመጣ ቦይለር ቤት ገብተው ነበር። እስኪቆም ድረስ። የሞላሁት በረዶ ቀልጦ እንደገና ረግቷል።»

ዶክተሯ ፕላስተሩን ለቀቁት። «ቀልጦ? ውሃ ሆኖ? ድንጋዮቹ ውሃው ውስጥ?»

«አዎ።»

«ቦይለሩ አጠገብ።»

«ስሩ።»

ብሪሳ ከጄኔሬተር ቤት ሰዎች አፍ ብቻ የምታውቀውን ቃል ዶክተሯ ሲሉት ሰማች። ሁለተኛ ደገሙት። ተቀመጡ፣ ተነሱ።

«አንድ በጋ» አሉ። «ይሄ ጉልበት እያቃሰተ የወጣሁት አንድ በጋ። ጠዋት ጠየቅኩ፣ አልተነቃነቀም ተባልኩ። አንቺም ቆመሽ ነበር።»

«ጠዋት አላወቅኩም ነበር።»

«ራት ላይስ?»

«ራት ላይ አውቄያለሁ።»

«አውቀሽ ቁልፉን ተቀበልሽ። አመሰግናለሁ አልሽ። እኔንም እዛ ሁሉ ሰው ፊት አስለፈለፍሽኝ።»

«አዎ።»

«ማነው ያስገባው?»

«ኃላፊነቱ የኔ ነበር። ለሌላ ሰው ሰጠሁና ሄጄ ሳላይ ቀረሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩም። ማነው?»

«እኔ የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው» አለች ብሪሳ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «የሌላውን ሌላው ይንገርዎት።»

ልታለቅስ አልፈለገችም። አላለቀሰችም። ዶክተሯ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገ ሄሊኮፕተሩ ሳይመጣ ሸንተረሩ ላይ ወጥቼ የቻልኩትን ያህል አዲስ እሰብራለሁ» አሉ። «መርከብ ላይ ሆኜ ባውቀው ኖሮ ይሄም አይኖርም ነበር። ለክረምቱ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። የሬዲዮውን ሰውዬ እጠይቃለሁ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«አሁን ሄደሽ ሳጥኑን አምጪ። የተረፈ ካለ ልየው። እዚህ ይግባ፣ ከእንግዲህ ሙቀቱ ምን ያደርገዋል።»

ብሪሳ ወጣች። በሩን ዘጋች። ቁጣዬ ይወጣልኛል ብላ ነበር፤ አልወጣም፣ እዛው ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ጨለማው ሲመጣ ምን እንደምትሰራ አታውቅም። ገመዱን ያዘች።

ገመዱ ይንቀጠቀጣል።

ቀና አለች። ላውታሮ ነው። በአንድ ክንዱ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቅፏል፣ በሌላው እጁ ገመዱን ይዟል። ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጧል። እጁ ላይ ጓንት የለም፤ ጣቶቹ እንደ ጥሬ ስጋ ቀልተዋል።

መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ። ገመዱ ላይ ዕቃ የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ ይወርድለታል። ብሪሳ አልወረደችም።

«ስምህ አልተጠራም» አለች። «መምጣት የለብህም።»

«ነግረሽኛል።»

«ጓንትህስ?»

«ቋጠሮውን በጓንት መፍታት አይቻልም።»

የሚያስቅ ነገር ነበረበት። አልሳቀችም። እሱም አልሳቀም።

«አባትህ ዛሬውኑ ይሰማል» አለች።

«አውቃለሁ።» ሳጥኑን በጉልበቱ ከፍ አደረገው። «ከብዶኛል ብሪሳ። ወይ እለፊ ወይ አሳልፊኝ።»

የሳጥኑን አንድ ጎን ልትይዝለት ትችል ነበር። አልያዘችለትም። ዞረችና ፊት ፊት ሄደች፤ ከኋላዋ ገመዱ በየእርምጃው እጇን ይጎትታል። ላብራቶሪው ጋ ደረሰች። በሩን ከፍታ በጀርባዋ ደግፋው ቆመች። ሙቀቱ ፊቷን እየነካ ወደ ውጪ ይወጣል።

«በሩን» አሉ ዶክተር ኤልቢራ ከውስጥ።

«ይቆይ» አለች ብሪሳ። «ሰው እየመጣ ነው።»